ሰብለ ናይት ሺፍት ብትገባ

ጓደኛዬ ሥራዋ አረጋውያንን መንከባከብ ነው፤ ናይት ሺፍት። ቅዳሜ ጠዋት ስትወጣ ኦክላንድ ሌክ ሜሪት ዳር እንገናኝና ሐይቁን እንዞረዋለን። ዙሪያው አምስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። እሷ የሥራ ጫማዋን እንዳደረገች፣ አንድ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ ትራመዳለች። የምትሰማው ትረካ ነው፤ መንፈሳዊ የፍቅር ልቦለድ። ባለፈው ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ያለው ፐርጎላ ጋ ስንደርስ ማዳመጫውን ነቀለችና፣

"ይቺ ልጅ ግን አትደክምም እንዴ?" አለችኝ።

"የቷ?"

"የልቦለዷ ናታ! ጠዋት ኪዳን ታደርሳለች፣ ቀን ትማራለች፣ ማታ እናቷን ታስታምማለች፣ ሌሊቱን ስትጸልይ ታድራለች። አንድ ቀን እንኳ እግሬን አላለችም። ፊቷ ደግሞ ሁሌ ጨረቃ ነው።"

ይህን ብላ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አለችና የጫማዋን ክር ፈታ አደረገች። ቁርጭምጭሚቷ ላይ የካልሲው ላስቲክ ቀለበት ሠርቶ ነበር።

*

ፈረንጆቹ ለዚህ ዓይነቱ ልቦለድ ደንብ አላቸው። ጃኔት ኦክ በ1979 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው የገበሬ አገር የፍቅር ታሪክ ገበያውን ከፈተ ይባላል። በ1997 ደግሞ ትልቁ የፍቅር ልቦለድ አሳታሚ ሃርለኩዊን "ላቭ ኢንስፓየርድ" የሚል ለክርስቲያን አንባቢ ብቻ የተለየ ተከታታይ ጀመረ። አንባቢዋ ገንዘቧን ስትከፍል የምትገዛውን ታውቃለች፦ ስድብ የለም፣ ከጋብቻ በፊት አልጋ የለም፣ መጨረሻው ሰርግ ነው። ብዙ ጊዜ ጀግናዋ ቆንጆ ናት፤ ቆንጆ መሆኗን ግን አታውቅም።

የእኛዋ ይህ ችግር የለባትም። መቃ አንገት፣ ሰልካካ አፍንጫ፣ ዞማ ጸጉር መሆኗን ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ ከሁሉም በፊት እናቷ ታውቃለች።

*

ክርስቲያናዊ የፍቅር ልቦለድ ከአሜሪካ የመጣ የሚመስለው ሰው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን ያንብብ። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመው ልብ ወለድ ታሪኩ፣ ብዙዎቻችን "ጦቢያ" የምንለው፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ ነው። ክርስቲያኖችና አረመኔዎች ይዋጋሉ፤ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአገር አገር ትንከራተታለች፤ መጨረሻ ላይ ያላመነው ንጉሥ ከነሕዝቡ ክርስቲያን ሆኖ ያገባታል። ዛሬ የአሜሪካ አሳታሚ አጥብቆ የሚጠብቃትን ሕግ፣ "ሰውዬው ሳያምን ሰርግ የለም" የምትለዋን፣ አፈወርቅ ማንም ሳያዘው ፈጽሟታል። ልቦለዳችን የተወለደው ክርስትና ተነሥቶ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1923 ዓ.ም. የብርሃኔንና የጽዮን ሞገሳን ጋብቻ ሲጽፉ የፈለጉት ሞዴል ነው፤ ጋብቻ እንዲህ ነው ሊሉን። ጽዮን ሞገሳን አከብራታለሁ። ሐይቅ ዳር አብራኝ ብትዞር ግን ወሬ የሚያልቅብን ይመስለኛል።

*

ከዚያ ሰብለ ወንጌል መጣች፤ ፍቅር እስከ መቃብር፣ 1958 ዓ.ም.። የእኔ ዘመን ሰው ያወቃት በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው ነው፤ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ፣ በሬዲዮ። ሰብለ ሰርግ አላገኘችም፤ ያገኘችው ሞት አፋፍ ላይ ያለ ፍቅረኛዋን በዛብህን፣ ከዚያም ቆብ ነው። የላቭ ኢንስፓየርድ ደንበኛ ይህን ብትገዛ ገንዘቤን መልሱ ትላለች። እኛ ግን ስልሳ ዓመት ሙሉ እያለቀስን ልጆቻችንን ሰብለ እንላለን።

ጓደኛዬን "እሷስ ትመስልሻለች?" አልኳት። አሰበች። "ሰብለ እንኳን ትደክማለች" አለች። "መነኩሴ መስላ ያን ሁሉ አገር በእግሯ ስትሄድ እግሯ ቆስሎ ይሆናል ብዬ ነው ያለቀስኩት። ለበዛብህ መሰለሽ?"

*

በፈረንጆቹ መንፈሳዊ ልቦለድ ፍቅሩ ውስጥ ሦስት አሉ፦ እሷ፣ እሱ፣ እግዚአብሔር። ልጅቷ ጫካ ገብታ ብቻዋን ትጸልያለች፤ በልቧ መልስ ይመጣል፤ ትወስናለች።

የእኛዋ መልሱ ቢመጣላትም አትወስንም። ለንስሐ አባቷ ትደውላለች። ለእናቷ ትደውላለች፤ አዲስ አበባ አሥር፣ አሥራ አንድ ሰዓት ቀድሞ ስለሚውል እናት ከእንቅልፍ ይነሣሉ። "የማን ልጅ ነው?" ይመጣል። ከዚያ ሽማግሌ፤ አንዱ ሳንሆዜ፣ አንዱ ሲያትል፣ አንዱ ደብረ ማርቆስ። የኦክላንዷን ልጅ የሚጽፍ ደራሲ በግሩፕ ኮል የተደረገ ሽምግልና ካልጻፈ፣ አንባቢዋ "ይሄ ሰው እኛን አያውቀንም" ብላ ብትዘጋበት አልፈርድባትም።

*

እንዲህ ያለ ትዕይንት አስቡ፦ የመጀመሪያ ቀጠሮ፣ ቴሌግራፍ ጎዳና፣ ዓርብ ማታ። እሱ ክትፎ ያዛል፤ እሷ በያይነቱ። አስተናጋጇ ሁለቱን ተራ በተራ ታያለች። ሁለት ሰዎች አንድ ትሪ ላይ እንጀራ መቁረስ እንደማይችሉ የሚያውቁበት ቅጽበት ይህ ነው። በሃያ ገጽ የውስጥ ንግግር የማይገኝ ነገር አለው። እስካሁን ግን አንድም ልቦለድ ውስጥ አላነበብኩትም፤ የማነባቸው ጀግኖች ሁልጊዜ ቡና ነው የሚጠጡት።

*

ይህች የምንኖርባት ካሊፎርኒያ በዘርፉ ከታወቁት መጻሕፍት ለአንዱ መድረክ ሆናለች። ፍራንሲን ሪቨርስ በ1991 እ.ኤ.አ. ያወጣችው "ሪዲሚንግ ላቭ" የነቢዩ ሆሴዕን ታሪክ ወስዶ ወርቅ ፍለጋ በጦፈበት በ1850 ካሊፎርኒያ ላይ ያስቀመጠ ነው። ኤንጅል የምትባለው ጀግና በልጅነቷ ለሴተኛ አዳሪነት የተሸጠች ናት። ማይክል ሆሴዕ የሚባል ገበሬ አግብቶ ያወጣታል፤ እየደጋገመች ትጠፋለች፤ እየሄደ ያመጣታል። በ2022 ፊልም ሆኗል። ሚሊዮኖች ወደዷት፤ ለምን እንደሆነ ይገባኛል፤ ዘርፉ ለንጽሕት ልጅ ብቻ ያዘጋጀውን ወንበር ለቆሰለችዋ ሰጥቷል።

ታሪኩን ለጓደኛዬ ነገርኳት። "ሄዳ ሄዳ ሲያመጣት?" አለች። "አንቺ፣ ዛሬ ቢሆን ፖሊስ ይጠራበታል።"

*

የእኛ ጸሐፊዎች የማይደፍሯት ሴት አለች። ዕድሜዋ ሠላሳ ስምንት፣ አንዴ አግብታ የፈታች፣ ልጇን ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ የምታስተምር፣ ቅዳሴ ላይ ከኋላ የምትቆም። ተክሊል ለደናግል ነው፤ እሷ ይህን ታውቃለች፤ ማንም እንዲነግራት አትፈልግም። እንደ እሷ ላሉት ቤተ ክርስቲያን የራሳቸው ጸሎት አላት፣ ቁርባንም አላት፤ ልቦለዱ ግን አክሊል ከሌለ ካሜራውን ያጠፋል። በየመጽሐፉ የምትጠብቀኝ የሃያ ሁለት ዓመት ሙሽራ ናት። የሠላሳ ስምንቷ ካለችም የሙሽራዋ አክስት ሆና ነው፤ ዶሮ ትገነጥላለች።

መጻሕፍቱን የምትገዛው ግን አክስትየዋ ናት።

*

"እንግዲያው የምትደክም ጀግና ፈልጊልኝ" አለችኝ ጓደኛዬ፣ ሐይቁ ዳር ያለው ካቴድራል ጋ ስንደርስ። ከልቦለድ አጣሁላት፤ ከገድል አገኘሁ። ቅድስት ክርስቶስ ሠምራ ባልና ልጆች የነበሯት የቡልጋ እመቤት ናት። አንድ ቀን ተቆጥታ የገረዷን አፍ ውስጥ ትንታግ ከተተችባት፤ ገረዷ ሞተች። ደንግጣ አለቀሰች፣ ጸለየች፤ ገድሉ እንደሚለው ገረዷ ተነሣች። ከዚያ በኋላ ነው ቤቷን ጥላ የመነነችው። አንድም የአሜሪካ አሳታሚ እንዲህ ያለችን ጀግና በመጀመሪያው ምዕራፍ አያሳልፍም። እኛ ግን ጠበል ጠዲቅ እንዘክርላታለን።

"ቁጣዋስ እኔን ይመስላል" አለች ጓደኛዬ። "ከዚያስ የት ገባች?"

"ጣና ውስጥ። ለዓመታት ቆማ ጸለየች፤ ሥጋዋ ተበሳስቶ ዓሣ እስኪመላለስበት።"

ቆመችና ሐይቁን አየችው። ሌክ ሜሪት ሐይቅ ይባል እንጂ ከባሕሩ ጋር የተያያዘ ነው፤ ባሕሩ ሲሞላ ይሞላል፣ ሲጎድል ይጎድላል። ጠዋት ጎድሎ ስለነበር ዳሩ ጭቃ ሆኖ ዝይዎቹ ይረግጡታል።

"ይሄ ጨው አለበት" አለች። "ቁስል ላይ ያቃጥላል።"

ማዳመጫውን ወደ ኪሷ ከተተችው፤ የቀረውን መንገድ ጫማዋን በእጇ ይዛ በካልሲ ሄደች።