ኢና ባወር ከነአባቷ

በቴሌቪዥን የፊገር ስኬቲንግ ውድድር የሚያስተላልፈው ሰውዬ ከስም ጥሪ አይወጣም። ትሪፕል አክሰል! ትሪፕል ሉትዝ! ኳድ ሳልኮቭ! ባለቤቴ ስኒ እያጠበች በጆሮዋ ትከታተል ነበርና «አክሰል የሚለው ልጁን ነው?» አለችኝ። ልጁን ሳይሆን ዝላዩን ነው፣ ስሙም ከሞተ ብዙ ዘመን ከሆነው ኖርዌያዊ የተወረሰ ነው አልኳት። «ሉትዝስ?» ኦስትሪያዊ። «ሳልኮቭስ?» ስዊድናዊ። «ሁሉም ወንድ?» ብላ ወደ ስኒዋ ተመለሰች። እኔ ግን ወደ ውድድሩ መመለስ አቃተኝ። ስማቸው የተረፈ ሴቶችም አሉ፤ አንዲቱ እንዲያውም ከሁሉ አብልጬ የምወደው እንቅስቃሴ በስሟ የሚጠራላት ናት። ያቺው ሴት አንድም የዓለም ሻምፒዮና ሜዳሊያ አላገኘችም የሚል ነገር የሆነ ቦታ ማንበቤ ትዝ አለኝ። ይህን ሳላጣራ መተኛት አልሆነልኝም።

ከወንዶቹ ልጀምር፣ ቶሎ ስለሚያልቁ። አክሰል ፖልሰን በ1882 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ቁጠሩልኝ) ቪየና ላይ ወደ ፊት እየሄደ ተነሳ፣ አየር ላይ አንድ ዙር ተኩል ዞረ፣ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ አረፈ። የሰውየው ዋና ሙያ የፍጥነት እሽቅድምድም ነበር፤ ያን ዕለትም የተጫማው ረጅም ስለት ያለውን የእሽቅድምድም ጫማ ነው። የቀሩት ዝላዮች ወደ ኋላ እየሄዱ ስለሚጀመሩ፣ የአክሰል ትርፍ ግማሽ ዙር እስከ ዛሬ ሰው ታስለቅሳለች። አራት ዙር ተኩሉን በውድድር ላይ ለማየት አሜሪካዊው ኢሊያ ማሊኒን በ2022 እስኪመጣ መጠበቅ ግድ ሆኗል። አሥር ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ኡልሪክ ሳልኮቭ የራሱን ዝላይ በ1909 አመጣ፤ ጀርመናዊው ቨርነር ሪትበርገር በ1910 ተከተለው። አሎይስ ሉትዝ የሱን በ1913 ዘለለ ይባላል፤ ገና በወጣትነቱ በ1918 ስለሞተ ከዝላዩ በቀር ስለ እሱ የሚወራ እምብዛም ነገር የለም።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሳልኮቭም፣ ሉትዝም፣ ሪትበርገርም የሚጠሩት በቤተሰብ ስማቸው ነው። ፖልሰን ብቻ እንደኛ አገር ሰው በገዛ ስሙ ተጠራ፤ አባቱን የሚያነሳ የለም። ከዝላዮቹ ሁሉ ለአክሰል የማደላው ምናልባት በዚህ ዝምድና ይሆናል።

ወደ ሴቶቹ ስንመጣ ነገሩ ከአየር ወደ በረዶው ይወርዳል። የበርሊኗ ሻርሎት ኦልሽሌገል በ1915 ኒው ዮርክ ሂፖድሮም ቲያትር ውስጥ «ሻርሎት» በሚል ነጠላ ስም ቀረበችና ከተማውን አሳበደችው። ደረቷን ወደ ቆመችበት እግር ደፍታ፣ ሌላውን እግሯን ቀጥ አድርጋ ወደ ላይ እየሰቀለች የምትንሸራተተው ነገር ዛሬም ሻርሎት ይባላል። የስዊዘርላንዷ ደኒዝ ቢልማን እየተሽከረከረች አንድ እግሯን ከኋላ በእጇ ይዛ ከራሷ በላይ ታወጣው ነበር፤ ያ ቢልማን ሆነ። ጀርመናዊቷ ኢና ባወር ደግሞ ከሁሉም ተለይታ ከነአባቷ ትጠራለች። ኢና ብቻ የሚላት የለም፣ ባወር ብቻም የሚላት የለም።

ታዲያ ወንዶቹ አየሩን፣ ሴቶቹ በረዶውን እንዴት ተከፋፈሉት? አንዱ ማብራሪያ ቀሚስ ነው። በ1920 የአንትወርፕ ኦሎምፒክ አሜሪካዊቷ ቴሬሳ ዌልድ ሳልኮቭን ብትዘል፣ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ተነሳ ብለው ዳኞቹ ገሠጿት፤ ለሴት ልጅ አይገባም ነው ነገሩ። ቢሆንም ነሐሱን ይዛ ሄደች። ሌላው ማብራሪያ ደንብን ይከሳል። በ1902 ለንደን ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና እንግሊዛዊቷ ማጅ ሳይርስ፣ ሴት አትወዳደርም የሚል የተጻፈ ነገር ስላልነበረ፣ ከወንዶቹ ጋር ገባችና ከሳልኮቭ ቀጥላ ሁለተኛ ወጣች። የዓለም አቀፉ የስኬቲንግ ማኅበር ሰዎች ያልነበረውን ደንብ ለመጻፍ ብዙ አልዘገዩም። ለሴቶች የተለየ ሻምፒዮና የተጀመረው በ1906 ነው።

ሁለቱም ማብራሪያዎች እውነትነት አላቸው፤ ግን ሴሲሊያ ኮሌጅን አያስረዱልኝም። ይህች እንግሊዛዊት በ1932 በሌክ ፕላሲድ ኦሎምፒክ ስትወዳደር ዕድሜዋ 11 ነበር። በ1936 ሳልኮቭን ሁለት ዙር አድርጋ በመዝለል በውድድር ላይ ድርብ ዝላይ የሠራች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፤ በ1937 የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። አንድ እግርን ወደ ኋላ በአግድም ዘርግቶ የሚደረገውን ሽክርክሪትና ወገብን ወደ ኋላ ለጥጦ የሚደረገውን ሽክርክሪት ፈጠረች ተብሎ የሚመሰገነውም እሷ ናት። ዛሬ በየውድድሩ የሚታዩ ሁለት ነገሮች! አንዳቸውም ግን በስሟ አይጠሩም፤ የመጀመሪያውን እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ በግመል ስም ይጠሩታል። ስለዚህ የእኔ ግምት ሌላ ነው፤ ስም የሚሰጠው መጀመሪያ ለሠራው ሰው ሳይሆን ብዙ ሕዝብ እያየው ለሠራው ነው። ኮሌጅ የተወለደችው ቴሌቪዥን በየሳሎኑ ከመግባቱ በፊት ነው።

ለዚህ ምስክሬ ራሷ ቢልማን ናት፤ እዚህ ላይ ቂም ቢጤ ስላለኝ ታገሡኝ። ደኒዝ ቢልማን የተወለደችው በ1962 ነው። በዚያው በ1960ዎቹ ታማራ ብራቱስ የምትባል ቁመቷ አጠር ያለ የሌኒንግራድ ልጅ ይህንኑ ሽክርክሪት በውድድር ላይ ትሠራ ነበር። ብራቱስ አምስት ጊዜ የሶቪየት ሻምፒዮን ሆናለች፤ ኋላ ታማራ ሞስክቪና ተብላ በጥንድ ተንሸራታቾች አሠልጣኝነቷ ዓለም ያወቃት እሷው ናት። ቢልማን በ1981 ሃርትፎርድ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን ግን ሽክርክሪቱ ለስዊዘርላንዷ ተጻፈ። ቢልማን ራሷም ብትሆን ተበድላለች እላለሁ፤ በ1978 ስትራስቡርግ በተደረገው የአውሮፓ ሻምፒዮና ትሪፕል ሉትዝን በውድድር የዘለለች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናትና። ፍትሕ ቢኖር ሽክርክሪቱ ሞስክቪና፣ ዝላዩ ቢልማን ይባል ነበር። ግን ዝላዩን አስቀድሞ የሉትዝ ስም ይዞት ስለነበረ፣ ለቢልማን የተረፋት ከሌላ ሴት የተወሰደ ሽክርክሪት ሆነ።

ቂሜ ግን ከሁለቱም ጋር አይደለም፤ ከነጥቡ ጋር ነው። በ2002 የሶልት ሌክ ሲቲ ኦሎምፒክ በጥንዶች ውድድር ፈረንሳዊቷ ዳኛ ተጽዕኖ ተደርጎባታል ተብሎ ዓለም ታመሰ፤ ነገሩ ሁለት ወርቅ በመስጠት ተዳፈነ፤ ያ ከ6 የሚሰጠው ጥንታዊ ነጥብም ከዚያ በኋላ ተቀበረ። በቦታው የመጣው አሠራር ለእያንዳንዱ ዝላይና ሽክርክሪት ዋጋ ቆረጠ። ሽክርክሪት በደረጃ ይመደባል፤ አስቸጋሪ አቋም ደረጃውን ከፍ ያደርጋል፤ ቢልማን ደግሞ አስቸጋሪ አቋም ነው። ከዚያማ ምን ልበላችሁ! ጀርባዋ እሺ ያለውም ያላለውም እግሯን ከራሷ በላይ ትጎትት ጀመር። በጥሩ ፍጥነት የተጀመረ ሽክርክሪት፣ እጅ ወደ ኋላ እግር ፍለጋ ሲሄድ ይንቀራፈፋል፤ ጉልበት ይጎብጣል፤ ፊት ይጨማደዳል፤ እኔ ሶፋዬ ላይ ወገቤን እይዛለሁ። በአንድ ምሽት ያንኑ አቋም ደጋግሞ ያየ ሰው ስለ ቢልማን ያለኝን ጥላቻ ይረዳልኛል። ቢልማን ራሷ ስትሠራው ግን፣ ማለፊያ ነበር።

ኢና ባወር ዋጋ አልተቆረጠላትም። በነጥብ ሰንጠረዡ ላይ ለብቻዋ ምንም አታወጣም፤ መርቂልኝ ሳትባል እንደምትመርቅ ጉሊት ሻጭ፣ ተንሸራታቹ ከፈለገ ብቻ የሚጨምራት ናት። ሁለቱም እግሮች ከበረዶው አይነሱም። አንዱ ጉልበት ይታጠፋል፣ ሌላው እግር ወደ ኋላ ቀጥ ይላል፤ የአንዱ ጫማ አፍንጫ ወደ አንድ ጎን፣ የሌላው ወደ ተቃራኒው ይዞራል፤ ከዚያ በሁለት ትይዩ መስመሮች ወደ ጎን መፍሰስ ነው። እቤታችሁ ምንጣፍ ላይ ሞክሩት፤ ዳሌያችሁ ወዲያው መልስ ይሰጣችኋል።

የስሙ ባለቤት ኢና በ1941 ክሬፌልድ ተወለደች። ከ1957 እስከ 1959 በተከታታይ የምዕራብ ጀርመን ሻምፒዮን ነበረች። በዓለም ሻምፒዮና በ1958ም በ1959ም አራተኛ ወጣች፤ ያነበብኩት እውነት ነበር ማለት ነው፣ ሜዳሊያ የለም። በሁለቱም ዓመት ያሸነፈችው አሜሪካዊቷ ካሮል ሃይስ በ1960 የኦሎምፒክ ወርቅም ጨመረች፤ አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ናት፤ ዛሬ ግን በየውድድሩ የሚጠራው የአራተኛዋ ስም ነው። ኢና ቶሎ ከውድድር ወጥታ ወደ በረዶ ትርዒት ገባች፤ ከኦስትሪያዊው የበረዶ ሸርተቴ ጀግና ከቶኒ ሳይለር ጋርም ፊልም ሠራች። በ2014 አረፈች።

ከማረፏ ስምንት ዓመት በፊት ግን ስሟ እንደገና ተወልዷል። 2006፣ ቶሪኖ። እኛም ለመጀመሪያ ጊዜ በክረምት ኦሎምፒክ የታየነው እዚያው ነው፤ ሮቤል ተክለማርያም በአገር አቋራጭ የበረዶ ሸርተቴ ባንዲራችንን ይዞ ተሰልፏል። በመክፈቻው ምሽት ፓቫሮቲ ከፑቺኒ «ቱራንዶት» ኦፔራ ዘፈነ፤ ብርዱ ስለበረታ ድምፁ ቀድሞ የተቀዳ እንደነበር ኋላ ታወቀ። ጃፓናዊቷ ሺዙካ አራካዋም ሙዚቃዋ ያው «ቱራንዶት» ነበር። ወደ ረጅሙ ፕሮግራም የገባችው ሦስተኛ ሆና፣ ከሳሻ ኮኸንና ከኢሪና ስሉትስካያ ኋላ ነው። ሁለቱም ወደቁ። አራካዋ ነጥብ እንደማያስገኝላት እያወቀች፣ በዚያ ሁሉ ሂሳብ መሐል፣ ኢና ባወርን ገባችበት፤ በዚያ ላይ ወገቧን ወደ ኋላ አጥፋ፣ ራሷ ወደ በረዶው ተዘቅዝቆ፣ እጆቿ ተለቅቀው፣ ፓላቬላ አዳራሽን አቋረጠች። 191.34 አገኘች፤ ሁለተኛዋ ኮኸን 183.36። ጃፓን በቶሪኖ ያገኘችው ሜዳሊያ ያ አንድ ብቻ ነው።

ጃፓኖች ከዚያ በኋላ የሆኑትን ስሰማ ሳቅሁ። ኢና ባወር የዓመቱ አዲስ ቃል ተብሎ ተሸለመ፤ ትንሽ ትልቁ ወገቡን ወደ ኋላ እየለጠጠ ኢና ባወር ሠራሁ ይል ጀመር። የጀርመኗ ሴት ድርሻ እኮ እግሩ ነው! ወገቡ የአራካዋ ጭማሪ ነው። ቢሆንም አልፈርድባቸውም፤ ዓይን መጀመሪያ የሚይዘው ወገቡን ነው።

እኔን የያዘኝ ግን እግሩ ነው፤ ምክንያቱ ጊዜ ይመስለኛል። ዝላይ አየር ላይ የሚቆየው ከአንድ ሰከንድ በታች ነው። ሦስት ዙር ይሁን አራት ዓይን አይቆጥረውም፤ ካሜራው በዝግታ ካልደገመው ወይም ያ ሰውዬ ካልጮኸ ማን ያውቃል? ኢና ባወር ሰከንዶች ትቆያለች፤ ሲጀመር ታያለህ፣ መሐሉን ታያለህ፣ ለመውጣት ሲወሰን ታያለህ። የጫማው ስለት ውፍረቱ አራት ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ መሐሉ ጎድጎድ ተደርጎ ስለሚሞረድ ግራና ቀኝ ሁለት ጠርዝ ይወጣዋል። ደህና ተንሸራታች በጠፍጣፋው አይሄድም፤ ከሁለቱ በአንዱ ጠርዝ ላይ ተደግፎ ይሄዳል፤ ገላው የሚያዘነብለው፣ መስመሩም ቅስት የሚሆነው በዚህ ነው። ኢና ባወር ላይ ይህን መደበቅ አይቻልም። ጠርዙ ከሳሳ ተንሸራታቹ እየተንገታገተ ይሄዳል፤ ከጠለቀ ደግሞ ያለ አንዳች ግፊት ፍጥነት የሚጨምር እስኪመስል ይፈስሳል። ወንዶችም አልቀሩባትም፤ አራካዋ ባደገችበት ሰንዳይ ከተማ ያደገው ዩዙሩ ሃንዩ፣ በ2014ም በ2018ም የኦሎምፒክ ወርቅ ሲወስድ፣ ወገቡን እየለጠጠ ከሚያስጨበጭባቸው ነገሮች አንዷ እሷ ናት።

የባለቤቴን ጥያቄ በተመለከተ ግን አሁንም በአየር ላይ ያለች ሴት እፈልጋለሁ፤ እጩዬም ሱርያ ቦናሊ ናት። የኋላ ግልባጭን በ1976 ኢንስብሩክ ላይ አሜሪካዊው ቴሪ ኩቢካ ሠራውና ወዲያው ተከለከለ። በ1998 ናጋኖ ላይ ጥቁሯ ፈረንሳዊት ቦናሊ፣ ተጎድታ፣ ሜዳሊያም እንደማታገኝ ገብቷት፣ ክልከላውን እያወቀች ተገለበጠችና በአንድ እግሯ አረፈች። ነጥብ ተቀነሰባት፤ አሥረኛ ወጣች። በ2024 መጀመሪያ ካውናስ ላይ ሌላ ፈረንሳዊ፣ አዳም ሲያው ሂም ፋ፣ ቅጣቱን ተቀብሎ ተገለበጠና የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነ፤ በዚያው ዓመት ክልከላው ተነሳ። ኩቢካ ቀዳሚ ነው የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ልክ ነው፤ ግን ያረፈው በሁለት እግሩ ነው። በሁለት እግር የሚያርፈውን ኩቢካ ይበሉት፤ በአንድ እግር የሚያርፈውን ግን ቦናሊ ካላሉ አልሰማቸውም።