ከተክለ ሃይማኖት እስከ ቡፌው መሳቢያ

ከመርካቶ ወደ ጥቁር አንበሳ በእግራችሁ ወረድ ያላችሁ እንደሆነ በተክለ ሃይማኖት ሰፈር ማለፋችሁ አይቀርም። በዚህ ሰፈር ፋርማሲው ከፋርማሲው ጎን ተሰልፏል። በጅምላ መደብሮቹ በር ካርቶን የተሸከሙ ወዛደሮች ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ወደ ማታ 11 ሰዓት ተኩል ሲሆን ደግሞ ከሥራ የወጣች እናት በአንድ እጇ ዘንቢል፣ በሌላው የመድኃኒት ወረቀት ይዛ ወረፋ ትጠብቃለች። ዛሬ ከዚህች እናት ጋር እስከ ቤቷ ድረስ እንድትጓዙ እንጋብዛችኋለን። ለጉዞው ምክንያት የሆነን ከየቤቱ የማይጠፋው ፓራሲታሞል ነው።

ከአንዱ ፋርማሲ ጎራ እንበል። ስለ ሕፃናት ትኩሳት የጠየቅናት ባለሙያ ሦስት ጠርሙስ ከባንኮኒው ላይ ደረደረችልን። የመጀመሪያው በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም፣ ሁለተኛው በ5 ሚሊ ሊትር 250 ሚሊ ግራም የያዘ ሽሮፕ ነው። ሦስተኛው በጠብታ የሚለካ ሲሆን 1 ሚሊ ሊትሩ ብቻ 100 ሚሊ ግራም ይዟል። ሦስቱም ፓራሲታሞል ናቸው። «ያው ነው» ተብሎ ጠብታው በሽሮፑ ልክ 5 ሚሊ ሊትር ቢሰጥ ሕፃኑ ከአራት እጥፍ በላይ ወሰደ ማለት ነው።

ትክክለኛው ልክ በልጁ ክብደት ይሰላል። ለአንድ ጊዜ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ይሰጣል፤ በመካከሉ ከ4 እስከ 6 ሰዓት መቆየት ይገባል፤ በ24 ሰዓት ውስጥም ከአራት ጊዜ አያልፍም። 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ከመጀመሪያው ሽሮፕ 5 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል። ሦስት ወር ላልሞላው ሕፃን ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም።

አሁን ደግሞ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ወዳለው አንድ ግቢ እንዝለቅ። በግቢው የምትኖረው እናት የቢሮ ሠራተኛ ናት። 11 ኪሎ የምትመዝነው ልጇ አተኮሳት። ቀን ቀን የምትጠብቃት አያቷ በየሾርባ ማንኪያው እየሞሉ ሦስት ጊዜ ያጠጧታል። የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር ያህል ስለሚይዝ እያንዳንዱ የሦስት ሰው ድርሻ ነበር። እናትዬዋ ማታ ስትመለስ በመለኪያው ደግማ ትሰጣለች፤ በላዩም የጉንፋን ሽሮፕ ታክልበታለች። በዚያም ውስጥ ፓራሲታሞል ነበረበት። «እማማ በፍቅር፣ እኔም በፍቅር፤ ማንም ማንንም አልጠየቀም» አለችን። በአራተኛው ቀን ሕፃኗ አስመለሳት፣ እንቅልፍ እንቅልፍ አላት፣ ዓይኗም ቢጫ ሆነ። ሐኪም ቤት ተኝታ ታክማ ድናለች።

እንዲህ የሚሆነው ለምንድን ነው? ጉበት ፓራሲታሞልን ሲያጣራ ጥቂቱ ወደ መርዝነት ይለወጣል። መጠኑ ልክ ሲሆን ጉበት በራሱ መከላከያ ያመክነዋል። ሲበዛ ግን መከላከያው ያልቅና መርዙ ጉበቱን ይጎዳል። ይህ ጉዳት በስኮትላንድ ሐኪሞች የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1966 ነበር።

ክፋቱ ዝም ብሎ መምጣቱ ነው። በመጀመሪያው ቀን ልጁ ቢያስመልሰው ወይም ቢገረጣ ነው፤ ምንም ሳይታይበት ሊጫወትም ይችላል። የጉበት ጉዳት ጎልቶ የሚታየው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው። ስለዚህ «ደህና ነው፣ እስኪ እንየው» ማለት አይገባም። አሴቲልሲስቲን የተባለው ማርከሻ ከሁሉ የበለጠ የሚሠራው መድኃኒቱ በተወሰደ በ8 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ልጁ መብዛቱን ስታውቁ ወይም ስትጠረጥሩ ጠርሙሱን ይዛችሁ፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ አስታውሳችሁ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ። ጣት ከጉሮሮ አትክተቱ፤ ጨው በውኃ አታጠጡ። ወተትም ማርከሻ አይሆንምና በእርሱ ጊዜ አታጥፉ።

የጉዞአችን መጨረሻ የእናንተው ቤት ነው። ተነሡና የቡፌውን መሳቢያ ክፈቱ። ቀጥሎ ኮመዲኖውን፣ ፍሪጁን፣ ከበር ጀርባ የተንጠለጠለውን የእጅ ቦርሳችሁን ተመልከቱ። 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 100 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን የመጀመሪያውን ዓይነት ሽሮፕ ጨርሶ ቢጠጣ 2,400 ሚሊ ግራም ወሰደ ማለት ነው። ለሕፃን በአንድ ጊዜ በኪሎ 200 ሚሊ ግራም የአደጋ ወሰን ነውና ይህ ወሰኑን ያልፋል። ባለ 500 ሚሊ ግራሙ የአዋቂ ኪኒንም በአራት ፍሬ ከዚያው ይደርሳል። ሽሮፑ ጣፋጭ ነው፤ ልጅ ከረሜላ ይመስለዋል። «ከረሜላ ነው» እያላችሁ ካባበላችሁት ደግሞ አስተማራችሁት ማለት ነው።

ስለዚህ መድኃኒቱን ልጅ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ ቆልፋችሁ አስቀምጡ። መለኪያውን ከጠርሙሱ አትለዩ፤ የወጥ ቤት ማንኪያ መለኪያ አይሁን። የሰጣችሁበትን ሰዓትና መጠን በወረቀት ጽፋችሁ ከጠርሙሱ ጋር በላስቲክ እሰሩት። አያትም ሞግዚትም አባትም ከመስጠታቸው በፊት ያንብቡት። ማንበብ የማይችሉ ከሆነ በተሰጠ ቁጥር ለእናትዬዋ ይደወልላት። በዚያች ቁራጭ ወረቀት ሁሉም አሳዳጊ አንድ ቃል ይሆናል፤ የልጁም ጉበት ይጠበቃል።