አንባሩን ማን ሠራው?

እንግሊዞች አሮጌ የብር ማንኪያ ሲገዙ መጀመሪያ የሚያዩት ጀርባውን ነው። እዚያ ላይ በጥቃቅኑ የተመቱ ምልክቶች አሉ። አንበሳው ከሺህ እጅ 925ቱ ንጹሕ ብር መሆኑን ይመሰክራል። የነብር ራስ ካለበት ለንደን፣ መልሕቅ ካለበት በርሚንግሃም የተመረመረ ነው። አንዷ ፊደል ዓመቱን፣ ሌሎቹ ሠሪውን ይናገራሉ። ሔስተር ቤትማን የምትባል የለንደን ሴት ባሏ እ.ኤ.አ. በ1760 ሲሞትባት፣ በ1761 የራሷን ምልክት አስመዘገበች። ማንኪያዋ ዛሬም በስሟ ይፈለጋል።

ይህ የዜና አጻጻፍ ትምህርታችንን አስታወሰኝ። ምን፣ ማን፣ የት፣ መቼ፤ አራቱም በአንድ ማንኪያ ጀርባ!

እስቲ ወደ አገራችን እንመለስ። የድሮ አንጥረኞች አንባርና ድሪ የሚሠሩት በአብዛኛው የማርትሬዛ ጠገራ ብር እያቀለጡ ነበር። ጠገራው 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከሺህ እጅ 833ቱ ብር ነው። የሚገርመው ግን ሁሉም ላይ የተጻፈው ዓመት 1780 መሆኑ ነው። ንግሥቲቱ የሞተችው በዚያ ዓመት ሲሆን ከዚያ ወዲህ የተመታውም ያንኑ ቁጥር ይዞ ወጥቷል። እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ ለንደን፣ ከ1949 ጀምሮ ደግሞ በርሚንግሃም ውስጥ ሳይቀር ይመታ ነበር። የአያቴም አንባር ብሩ ከነዚያ ከተሞች የመጣ ይሆናል፤ ማን ያውቃል? ምልክት የለውማ!

አያቴ ሁለት አንባሮች አሏት፤ የሠርጓ ናቸው። ባለፈው ክረምት ጣራችን ማፍሰስ ሲጀምር አንዱን ይዤ ነቀምት ገበያ ወዳለ አንድ ብር ቤት ተላክሁ። ሰውዬው መዘነውና ዋጋውን በግራም አስቦ ነገረኝ። “የእጅ ሥራውስ?” ስለው “እሱማ ሲቀልጥ አብሮ ይጠፋል” አለኝ። እውነቱን ነው፤ ግን ነገሩ ከነከነኝ። አንባሩን ይዤ ተመለስኩ።

ማታ አያቴን “ማን ነው የሠራልሽ?” አልኳት።

“ከጊምቢ በኩል በገበያ ቀን የሚመጣ ሰው።”

ወናፉን አህያ ላይ ይጭን እንደነበረ፣ የግራ አውራ ጣቱ በእሳት የተጠበሰ እንደነበረ፣ ሥራውን ሳይጨርስ እህል እንደማይቀምስ ሁሉ ታስታውሳለች።

“ስሙስ?”

ዝም አለች። ቆየችና “እኛማ ቱምቱ ነበር የምንለው” አለች።

ቱምቱ በኦሮምኛ ቀጥቃጭ ማለት ነው፤ የሥራው መጠሪያ እንጂ የሰውዬው ስም አይደለም። ያን ጊዜ የእጅ ባለሙያ ይናቅ ነበርና ስሙን የጠየቀው የለም።

ጣራው መጠገን አለበት፤ አያቴም አንዱ ይሸጥ ብላለች። አልተከራከርኳትም፤ ዝናብ ቀጠሮ አይሰጥም። ከመሸጡ በፊት ግን ፎቶ አንስቼዋለሁ፤ ያለችኝንም አንድ በአንድ ደብተሬ ላይ ጽፌያለሁ። እኛ የዚህ ዲፓርትመንት ልጆች ስማችን ከጽሑፋችን ጋር ሲወጣ ምን ያህል ደስ እንደሚለን እናውቃለን። እናንተም ለእረፍት ወደ ነጆ፣ ደምቢዶሎ ወይም ሻምቡ ስትሄዱ ዕቃውን አድንቃችሁ ብቻ አትለፉ፤ የሠሪውን ስም ጠይቁ። የሚያስታውሱት ሰዎች እያረጁ ነው።