ኩቴክስ የተቀባ ጊታር

ሚዛን ተፈሪ ውስጥ አንድ ወጣት ኤሌክትሪክ ጊታሩ ጠርዙ ላይ ሲሸረፍበት መጀመሪያ ያደረገው የእህቱን ኩቴክስ መዋስ ነበር። ጊታሩ ቀይ ነው፤ ኩቴክሱም ቀይ። ሆኖም ሁለቱ ቀዮች አልተግባቡም፤ አንዱ ወደ ብርቱካን፣ ሌላው ወደ ወይን ጠጅ ያደላል። ሽርፋቱ ቢበዛ የቡና ፍሬ ግማሽ ቢያክል ነው። መድረክ ፊት የተቀመጠ ሰው አያየውም። ባለጊታሩ ግን ከዚያች ነጥብ በቀር የሚታየው ነገር የለም።

ወሬው የደረሰው ይህ ጸሐፊ መጀመሪያ ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ግን አንድ በግማሽ የሚያስታውሰው ነገር ከነከነው፤ የጊታር ቀለም የመኪና ቀለም ነው የሚል ነገር አንድ ቦታ አንብቧል። እንዲያ ከሆነ ኩቴክስስ የማን ዘመድ ነው?

ነገሩ የሚጀምረው ከጥጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1846 ክርስቲያን ሾንባይን የተባለ የባዝል ከተማ ኬሚስት ጥጥን ናይትሪክና ሰልፈሪክ አሲድ አጠጥቶ እንደ ባሩድ የሚቀጣጠል ነገር አገኘ። እንደሚወራው ከሆነ ወጥ ቤት ውስጥ የደፋውን አሲድ በሚስቱ ሽርጥ ጠርጎ ምድጃ አጠገብ ቢሰቅለው፣ ሽርጡ ቦግ ብሎ በቅጽበት ጠፋ። የሽርጡ ነገር ተረት ይሸታል። ናይትሮሴሉሎስ ግን ተረት አይደለም፤ በአንድ በኩል ጥይት ውስጥ ገባ፣ በሌላ በኩል በቲነር ሲበጠበጥ ቶሎ የሚደርቅ አንጸባራቂ ቀለም ወጣው።

ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ይህን ቀለም «ዱኮ» ብሎ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ገበያ ላይ አዋለው። ኦክላንድ የተባለችው የጄኔራል ሞተርስ መኪና የ1924 ሞዴሏ ሰማያዊ ዱኮ ተቀብታ ወጣች። ከዚያ በፊት አንድ መኪና ተቀብቶ እስኪደርቅ ሳምንታት ይፈጅ ነበር፤ አሁን ሰዓታት በቁ። ኩቴክስም የዚሁ ቤት ልጅ ነው። አብዛኛው የጥፍር ቀለም ዛሬም ጥፍር ላይ ደርቆ የሚጠነክረው በናይትሮሴሉሎስ ነው፤ ሬቭሎንም በ1932 ሲቋቋም ሥራውን የጀመረው በጥፍር ቀለም ነበር። ስለዚህ ልጁ ከእህቱ የተዋሰው ብልቃጥ ለጊታር እንግዳ አይደለም።

የካሊፎርኒያው ሊዮ ፌንደር ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር እንጂ ቀለም ቀማሚ አልነበረም። በ1954 ስትራቶካስተር የተባለውን ጊታር ለገበያ ካቀረበ በኋላ፣ ከተለመደው መልክ ሌላ ቀለም ለሚፈልግ ደንበኛ ያው የመኪና ቀለም ነበር የሚቀባለት፤ በዋጋው ላይ 5 በመቶ እያስጨመረ። «ሌክ ፕላሲድ ብሉ» የተባለው ሰማያዊ ከ1958ቱ ካዲላክ የመጣ ነው። «ፊየስታ ሬድ» የተባለው ዝነኛ ቀይ ደግሞ ከ1956ቱ ፎርድ ተንደርበርድ።

እዚህ ላይ ጠብ አለ። የፌንደር የረጅም ጊዜ የሥራ ባልደረባ የነበረው ጆርጅ ፉለርተን፣ ያንን ቀይ ያመጣሁት እኔ ነኝ ይል ነበር። በእሱ ትረካ መሠረት በ1957 ገደማ በአካባቢው ወዳለ ቀለም መደብር ሄዶ፣ አጠገቡ ቆሞ እያየ አስበጥብጦ፣ ወደ ፋብሪካው ይዞት ገባ። ተቃዋሚዎቹ የዱፖንትን ካታሎግ ይጠቅሳሉ፤ ቀለሙ ከነስሙ ከዚያ በፊት ፎርድ ላይ ተቀብቶ ሲነዳ ነበር። ይህ ጸሐፊ ለጉዳዩ ከሚገባው በላይ ጊዜ ሰጥቶት ሲያበቃ ከካታሎጉ ጎን ተሰልፏል። ቀለም ሻጭ የፋብሪካውን ደብተር ሳይገልጥ ከጭንቅላቱ ይበጠብጣል ብሎ ማመን ይከብዳል፤ ፉለርተን ቆሞ ሲጠብቅ ሻጩ ያንኑ የፎርዱን ቀይ ቀድቶ ሰጥቶት ቢሆንስ? ጠቡ በዚህም አላበቃም። እንግሊዛዊው ዘፋኝ ክሊፍ ሪቻርድ በ1959 ለጊታሪስቱ ለሃንክ ማርቪን ወደ እንግሊዝ ያስመጣለት ስትራቶካስተር ፊየስታ ሬድ ነው ወይስ ሌላ ሮዝማ ቀለም እያሉ የሚከራከሩ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ።

ይህ ሁሉ ለሚዛኑ ጊታር ምን ይጠቅመዋል? በከፊል ብቻ። ፌንደር በ1960ዎቹ መገባደጃ ላይ ናይትሮሴሉሎስን እየተወ ወደ ፖሊየስተር ዞሯል፤ ዛሬ ከእስያ የሚመጡት ርካሽ ጊታሮችም በአመዛኙ የተሸፈኑት በፖሊየስተር ወይም በፖሊዩሬቴን ነው። አሮጌው ቀለም ለስላሳ ነው፤ ቶሎ ይጫጫራል፣ ይደበዝዛል፣ አዲስ ጠብታ ሲነካው ግን ሟሙቶ ከእሱ ጋር ይዋሃዳል። አዲሱ ወፍራምና ደረቅ ነው፤ ጭረት ይችላል፣ ከበር መቃን ጋር ሲላተም ግን እንደ ሸክላ ተሰንጥሮ ይወድቃል። ኩቴክስ ደግሞ እላዩ ላይ ይቀመጣል እንጂ አይዋሃደውም።

ፍቱን መድኃኒቱ ሱቅ ውስጥ አለ፤ ሱፐር ግሉ። መጀመሪያ ተመሳሳይ ቀለም በስንጥር ጫፍ ይነካል። ሲደርቅ ሱፐር ግሉው ጠብ ጠብ እየተደረገ ከዙሪያው ትንሽ ከፍ እስኪል ይሞላል። ከዚያ ምላጭ ይመጣል። የምላጩ ሁለት ጫፎች በስኮች ይጠቀለሉና መካከሉ ብቻ ራቁቱን ይቀራል፤ ስኮቹ በደህናው ቀለም ላይ እየተንሸራተተ ስለታሙ መካከል የተረፈውን ጉብታ ብቻ ይልጋል። በመጨረሻ ቁጥር 2000 የብርጭቆ ወረቀት በውኃ፣ ቀጥሎ የመኪና ፖሊሽ። ፖሊሽ የሌለው በጥርስ ሳሙና ያሸዋል። አሴቶን ግን ወደ አሮጌ ጊታር ድርሽ ማለት የለበትም፤ ለጥፍር የሚያደርገውን ለጊታሩም ያደርግለታልና።

ቀለሙን ለማመሳሰል ጋራዥ የሚያህል የለም። በየከተማው የባጃጅ ገላ የሚቀቡ ሰዎች ዓይናቸው ሚዛን ነው፤ ቀዩ ላይ ቢጫ ጠብ አድርገው፣ አውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ ቀብተው ፀሐይ ላይ ያዩታል። አንዱ ጊታር ሲመጣለት ዙሪያውን አገላብጦ፣ «ታርጋውስ የታለ?» ብሎ ቀልዷል አሉ። ቢቀልድም፣ የሠራው የካሊፎርኒያው ፋብሪካ የሠራውን ነው።

ድምፁን በተመለከተ ባለጊታሩ ሊረጋጋ ይገባል። ሽርፋት አይሰማም። በሚዛንና በቴፒ ጊታርን የሚፈትነው ክሩን የሚበላው ዝገትና አንገቱን የሚያጎብጠው እርጥበት ነው። ማህሙድ አህመድ እ.ኤ.አ. በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራውን «ኧረ መላ መላ» የሚያዳምጥ ሰው የሰላም ስዩምን ጊታር አጥርቶ ይሰማል፤ ጠርዙ ተልጦ እንደነበረ ወይም እንዳልነበረ ግን ከቅጂው ላይ የሚለይ ጆሮ አልተፈጠረም።

የዚህ ጸሐፊ ቂም ሌላ ቦታ ነው። ፌንደር ከ1995 ጀምሮ ሆን ተብለው የተላጡ፣ የተጫጫሩና የዛጉ አዳዲስ ጊታሮችን «ሬሊክ» እያለ ይሸጣል፤ ከደህናው አስወድዶ። ሐሳቡን የቀሰቀሰው የሮሊንግ ስቶንስ ጊታሪስት ኪት ሪቻርድስ ነው ይላሉ፤ አዲስ ጊታር ተሠርቶለት ሲመጣ፣ በጣም አዲስ ይመስላል፣ ትንሽ አጎሳቁሉልኝ አለ ተብሎ። ሌሎች ደግሞ ነገሩን ዶን ዋዝ ለተባለው ቤዝ ተጫዋች ይሰጡታል። የማንም ይሁን፣ ሰው በገንዘቡ የሌላ ሰው ላብ ሲገዛ ማየት ያስተዛዝባል።

ላቡን ራሱ ያፈሰሰው አየርላንዳዊው ሮሪ ጋላገር ነበር። በ1963 ኮርክ ከተማ ከአንድ ሱቅ በ100 ፓውንድ ገደማ በዱቤ የገዛው የ1961 ስትራቶካስተር ቀለሙ በላብ ተበልቶ እንጨቱ እስኪገጥጥ ድረስ ተጫውቶበታል፤ ተሰርቆ ጉድባ ውስጥ ተጥሎ የተገኘበት ጊዜም አለ ይባላል። አላስቀባውም። በጥቅምት 2024 ለንደን ላይ በጨረታ ሲሸጥ ከ700,000 ፓውንድ በላይ አወጣ፤ የተገዛውም ለአየርላንድ ብሔራዊ ሙዚየም እንዲሰጥ ነበር። በአሮጌ ጊታር ንግድ ውስጥ ያሉ ሰዎች ደግሞ እንዲህ ያለ ጊታር እንደ አዲስ ቢቀባ ዋጋው ግማሽ ያህሉን ሊያጣ ይችላል ይላሉ። የሚዛኑ ወጣት ይህን ሲሰማ ኩቴክሱን ለእህቱ መልሷል፤ አልቆ ነበርና በምትኩ ሌላ እንዲገዛ ተፈርዶበታል።