«ፖሊሽ» ማለት ቀለም ነውን?

አንባቢ ሆይ፤ ከእንግሊዝኛ ግሦች ቀላል መስሎ ከሚታዩት አንዱ «ፖሊሽ» የሚለው ነው። ተማሪን ትርጉሙን ቢጠይቁት «ቀለም ቀባ» ይልዎታል። በቆርቆሮ የሚሸጠው የጫማ ቀለም በዚሁ ስም ሲጠራ ይሰማልና አይፈረድበትም። ነገር ግን ግሡ ወለወለ፥ እያሸ አለሰለሰ፥ አበራ ማለት ነው። የብር ዕቃም አልማዝም «ፖሊሽ» ይደረጋሉ፤ አልማዝን ግን ቀለም የሚቀባው የለም።

በማስተምርበት ክፍል ይህን ለማስረዳት ስደክም የረዳኝ፥ ጧት ጧት የሰው ጫማ እየጠረገ የደብተሩን ዋጋ የሚያገኝ አንድ ተማሪ ነው። ቃሉ በተነሣ ጊዜ ጓደኞቹ ወደ እርሱ እየተመለከቱ ሳቁ። እርሱ ግን ሳያፍር ተነሥቶ፥ «መጀመሪያ አቧራው ይራገፋል፤ ከዚያ በውሃ ይታጠባል፤ ሲደርቅ ቀለም ይቀባል። ቀለም የተቀባ ጫማ ወዲያው አያበራም፤ እንዲያውም ይደበዝዛል። የሚያበራው በብሩሽና በጨርቅ ሲታሽ ነው» አለ። ከዚያ በኋላ የሳቀ አልነበረም።

እንግሊዞች ይህንኑ ግሥ ለሌላም ነገር ያውሉታል። ድርሰቱን ደጋግሞ እያነበበ የሚያርም ሰው ጽሑፉን «ፖሊሽ» አደረገ ይባላል። «አፕ» ቢከተለው የዛገ እውቀትን ማደስ፥ «ኦፍ» ቢከተለው ደግሞ የቀረበውን ምግብ ጥርግ አድርጎ መብላት ይሆናል። የእኛም «ጠረገ» ለጫማውም ለማዕዱም እንደሚያገለግል ልብ ይበሉ።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን የቃሉ ዘር ነው። ግሡ ከላቲን ተነሥቶ በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ የገባ ሲሆን፥ ጨዋ ማለት የሆነው «ፖላይት» ከዚያው ከላቲኑ ግሥ የተወለደ ወንድሙ ነው። ጨዋ ሰው፥ ሻካራነቱ ታሽቶ የለቀቀው ሰው ነው እንደ ማለት ነው። ጫማ ጠራጊውን የምንጠራበት «ሊስትሮ»ም ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ፍቹ ከማብራት ጋር የተያያዘ ነው።

እንግዲህ ጫማውን አስጠርጎ ሲያበቃ፥ ሳንቲሙን መሬት ላይ ወርውሮ ልጁን ሰድቦ የሚሄደውን ሰው ምን እንበለው? ጫማው ታሽቷል፤ ባለቤቱ ግን ገና አልተነካም። በአገራችን ትምህርትም «ቀለም» ይባላል። ቀለም ቆጥረናል የምንል ሁሉ ያን ተማሪ እናስታውስ፤ ቀለም መቀባት መጀመሪያ ነው፤ የሚያበራው መታሸቱ ነው።