ፀሐይ ላይ የሚጠርገው መኪና

ሲያትል የገባሁት ኅዳር ላይ ነው። የአክስቴ ልጅ ሻንጣዬን ፖርታባጋሊዮ ውስጥ ከትቶ ወደ አይ ፋይቭ አውራ ጎዳና እንደወጣን ደመናው ተገለጠና ፀሐይ ፊታችን ላይ በራች። ይሄኔ የመኪናው የዝናብ መጥረጊያ ተነሣና ደረቁን መስታወት ጢርር እያደረገ ይፍቀው ጀመር።

«ምን ሆኖ ነው?»

«ተይው፣ አመሉ ነው። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ቁጭ ብሎ ያያል።»

አላጋነነም። ካፊያው ሲጀምር ጠብታዎቹ መስታወቱን ሞልተው፣ ከፊታችን ያለው መኪና የኋላ መብራት ቀይ ጭረት እስኪመስል ድረስ መጥረጊያው ንቅንቅ አላለም። የአክስቴ ልጅ ማንሻዋን በጣቱ ነካ ሲያደርጋት አንዴ ጠርጎ ተመልሶ ተኛ።

እኔ ዝናብን ከአገሬ አውቄው የመጣሁ መስሎኝ ነበር። በመጠኑ ከሆነ ደግሞ እውነቴን ነው፤ አዲስ አበባ በዓመት ከ1,100 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች፣ በዝናብ ስሟ የገነነው ሲያትል ግን 1,000 ገደማ ናት። ልዩነቱ አወራረዱ ላይ ነው። እኛ ዘንድ ሐምሌና ነሐሴ ሰማዩ ይቀደዳል፤ እዚህ በዓመት 150 ያህል ቀን በወንፊት ይነፋል። ለዶፍ መጥረጊያውን በመጨረሻው ፍጥነት ለቆ መጸለይ ነው። ካፊያ ግን ሹፌሩን ያታክተዋል፦ ቢያበራው ደረቅ ይፍቃል፣ ቢያጠፋው መንገዱ ይደበዝዛል። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያመላልስ ለሚውል ሰው ማንሻዋ ላይ መጥረጊያውን በራሱ የሚያሠራ «አውቶ» የሚል ምርጫ መኖሩ ቅንጦት አይደለም።

በማግስቱ ሬኒየር ጎዳና አካባቢ ወዳለ አንድ ጋራዥ ሄድን። ባለቤቱን ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚሏቸው፤ መካኒክነት የጀመሩት አዲስ አበባ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ነው። ኮፈኑን እንኳ አልከፈቱም።

«መስታወቱ ተቀይሯል?»

«አዎ ጋሼ፣ ከሁለት ወር በፊት። ጠጠር ሰንጥቆት።»

«በል በቃ።» ወደ እኔ ዞረው፣ «ነይ እስቲ የኔ ልጅ» አሉኝና ከውጭ በኩል፣ ከስፖኪዮው ጀርባ ያለውን ጥቁር ቦታ አሳዩኝ። መሃሉ ላይ የሃምሳ ሳንቲም ስፋት ያላት ክብ ነገር አለች፤ ተጠግቼ ሳያት ውስጧ እንደ ሽሮ ፍልቅታ የተንጠለጠሉ ሦስት አረፋዎች አሉ።

ጋሼ ማስረዳት ይወዳሉ። ውሃ የሞላ ብርጭቆ አመጡና ከላይ ወደ ታች፣ በውሃው ውስጥ አሳልፌ የብርጭቆውን ጎን እንዳይ አዘዙኝ። ጎኑ እንደ ብር ያብለጨልጫል። «አሁን በደረቅ ጣትሽ ከውጭ ንኪው።» ነካሁት፤ ጣቴ እምብዛም አይታይም። «አርጥቢና ድገሚው።» ጣቴ ከነመስመሮቹ ቁልጭ ብሎ ወጣ።

ከክቧ ጀርባ ያለው የዝናብ ሴንሰርም የሚሠራው በዚሁ ነው። ለዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃን በ45 ዲግሪ ገደማ አጋድሎ መስታወቱ ውስጥ ይልካል። ከመስታወት ወደ አየር ሊወጣ የሚሞክር ብርሃን ከ42 ዲግሪ በላይ ካጋደለ መውጫ የለውም፤ ሁሉም ተንጸባርቆ ወደ ተቀባዩ ይመለሳል። ጠብታ ካረፈበት ግን ብርሃኑ በውሃው በኩል ሾልኮ ይወጣል። ብዙ ከጎደለ ቶሎ ቶሎ፣ ጥቂት ከጎደለ አረፍ እያለ ይጠርጋል። ዝናብ የሚባል ነገር አያውቅም ማለት ነው፤ የሚያውቀው ብርሃን መጉደሉን ብቻ ነው። የትንኝ ሬሳ ቢለጠፍበትም ሊታለል ይችላል።

በሴንሰሩና በመስታወቱ መካከል አየር እንዳይገባ ጥርት ያለ ለስላሳ ጄል ይደረጋል። መስታወቱን የቀየሩት ሰዎች አሮጌውን ጄል መልሰው ለጥፈውታል። ጋሼ እንዳሉት ፀሐይ ሲያሞቀው አረፋው ይለጠጥና ብርሃኑን ይረብሸዋል፤ ሴንሰሩም ዝናብ መጣ ብሎ ይነሣል። ካፊያ ሲሆን ደግሞ አረፋው ባለበት በኩል ብርሃኑ መስታወቱ ጋ ሳይደርስ ስለሚመለስ ጠብታውን አያየውም። የአክስቴ ልጅ ሁለት ወር ሙሉ ኮምፒውተሩን ሲረግም ነበር።

ጋሼ የስፖኪዮውን ክዳን ፈታ አድርገው ሴንሰሩን አወረዱ፣ መስታወቱን በአልኮል ጠረጉ፣ አዲሱን ጄል የስልክ ፊት ላይ ፕላስቲክ እንደሚለጠፈው ከአንድ ጠርዝ ጀምረው ቀስ እያሉ ተጫኑት። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ከዚያ ጣታቸውን ብርጭቆው ውስጥ ነክረው ጥቁሯ ቦታ ላይ ጠብ አደረጉ። መጥረጊያው ተነሣ፣ አንዴ ጠረገ፣ ተኛ። እኔ አጨበጨብኩ፤ እሳቸው ግን የመጥረጊያውን ጎማ በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ ፊታቸውን አጨማደዱ። «ይሄም ተበልቷል። ሴንሰሩ ላይ ውሃ ትቶ ያልፋል፣ ሴንሰሩ ውሃውን አይቶ እንደገና ጥረግ ይለዋል፣ ጠርጎ እንደገና ይተዋል። ሲካሰሱ መዋል ነው።» ጎማውም ተቀየረ።

ላቫጆ ስንገባ አውቶውን ማጥፋት የእኔ ሥራ ሆነ፤ የሚሽከረከረው ብሩሽ ሲመጣ መጥረጊያው ውሃ አየሁ ብሎ ከተነሣ ተጠምዝዞ ሊሰበር ይችላል።

ቅዳሜ ወደ ስኖኳልሚ ማለፊያ ወጣን። ከፍታው 920 ሜትር ገደማ ነው፤ የአዲስ አበባ ሰው ቆላ ነው የሚለው፣ ለሲያትል ሰዎች ግን በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበት ተራራ ነው። እዚያው አድረን ጠዋት ከማደሪያችን ስንወጣ መኪናው ነጭ ለብሷል፤ ጎማዎቹ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቀው ግግር ሆነዋል። አውቶው እንደበራ አድሮ ቢሆን ሞተሩ ሲነሣ የተጣበቀውን ጎማ ሲስብ ወይ ይቀደዳል፣ ወይ ፊውዙ ይቃጠላል። ደንግጬ ወደ ውስጥ አጎነበስኩ።

«ማታ አጥፍቼዋለሁ» አለኝ የአክስቴ ልጅ፣ በረዶ መፋቂያውን እያቀበለኝ። «አንቺ በዚያ በኩል ጀምሪ።»