ስለ ዒላማ ተኩስና ስለ ጀማሪው

በአገራችን ስለ ጠመንጃ ብዙ ተነግሯል፤ ስለ ዒላማ ግን የተነገረው ጥቂት ነው። ጠመንጃ በተነሣ ቁጥር ወዲያው የሚታሰበን ጦር ሜዳ፥ አደን፥ ወይም በሠርግና በለቅሶ ላይ ወደ ሰማይ የሚተኮሰው ጥይት ነው። ወረቀት በእንጨት ላይ ለጥፎ፥ ከ10 ሜትር ርቀት ቆሞ፥ አንዲት ትንሽ ጥቁር ክብ ለመምታት ሲባል ብቻ ግማሽ ቀን ማሳለፍ ለብዙዎች የልጅ ጨዋታ ይመስላቸዋል። እኛ ግን በዚህ ጨዋታ ስንደሰት ብዙ ዓመት ሆኖናል። ባለፈው ጥር በሳጉሬ ለአንድ ወጣት መምህር ልናስተምረው በሞከርን ጊዜ የገጠመንን ነገር፥ በተለይም ጀማሪውን ሰው ምን እንደሚያስቸግረው፥ ለአንባቢዎቻችን ልናካፍል ወደድን።

ሳጉሬ ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የዲገሉና ጢጆ ወረዳ ከተማ ናት። ይህ አገር የእግር አገር ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የተወለደው በአሰላ ነው፤ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኘችው ደራርቱ ቱሉ፥ ከእርስዋም በኋላ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የወጡት ከበቆጂ ነው። ስለዚህ በዚያ አካባቢ ስፖርት ማለት ማለዳ ተነሥቶ በገብስና በስንዴ ማሳ መካከል መሮጥ ማለት ነው። የእኛም ደቀ መዝሙር ለመጀመሪያው ትምህርት የመጣው እየሮጠ ነበር። ደረቱ ከፍ ዝቅ እያለ፥ ግንባሩ እያላበ፥ «ጋሼ፥ ደረስሁ፤ ጠመንጃው የታለ?» አለን። ተቀመጥ አልነው። ተቀመጠ። ሩብ ሰዓት ያህል ምንም አላስተማርነውም፤ እርሱም ይህ ራሱ ትምህርት መሆኑን አላወቀም።

በበረዶ አገር የሚኖሩ ሰዎች በበረዶ መንሸራተቻ ብዙ ኪሎ ሜትር ከሮጡ በኋላ ድንገት ቆመው በ50 ሜትር ርቀት ያለውን ዒላማ የሚመቱበት ውድድር አላቸው። ተኝተው ሲተኩሱ የዒላማው ስፋት 45 ሚሊ ሜትር፥ ቆመው ሲተኩሱ 115 ሚሊ ሜትር ነው። ያን ውድድር ከባድ የሚያደርገው ሩጫው ብቻ አይደለም፤ ልብ እንደ ከበሮ እየመታ እጅን ማሳረፍ ነው። ለሯጭ አገር ልጅ ይህን መንገር አያስቸግርም፤ ማስለመድ ግን ያስቸግራል።

ጠመንጃችን የአየር ጠመንጃ ነው። ባሩድ የለውም። አፈሙዙ ወደ ታች ሲታጠፍ በሆዱ ያለው ሞላ ይወጠራል፤ ቃታው ሲሳብ ሞላው ተፈናጥሮ አየሩን ያምቀዋል፤ የታመቀውም አየር 4.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላትን የእርሳስ ፍሬ ገፍቶ ያስወጣታል። ትንሽ ናት ተብላ ግን አትናቅም፤ ዓይን ታጠፋለች። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ያስተማርነው፥ ጠመንጃ ሁልጊዜ እንደ ጎረሰ መቆጠር እንዳለበት፥ አፈሙዙ ወደ ሰውም ወደ ከብትም እንዳይዞር፥ ጣትም ለመተኮስ እስኪወሰን ድረስ ከቃታው ውጭ እንዲቆይ ነው። ለዒላማው ጀርባም ከወንዙ ዳር ቀጥ ያለ የአፈር ግድግዳ መረጥን። ነገሩንም አስቀድመን ለወረዳው ፖሊስ አስታወቅን። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ስለሚከለክል፥ ጠመንጃ የሚይዝ ሰው ሁሉ፥ ዓላማው ጨዋታም ቢሆን፥ ፖሊስን ሳይጠይቅ እንዳይጀምር እንመክራለን።

ፖሊሱ ፈቀደ፤ አያቱ ግን አልፈቀዱም።

ወጣቱ የሚኖረው ከአያቱ ጋር ነው፤ «አኮ» ይላቸዋል። ሴትዮዋ ነገሩን በሰሙ ጊዜ ወደ ቤታችን መጡና ከደጅ ቆመው፥ ልጁን ብረት የምናስይዘው ለምን እንደ ሆነ ጠየቁን። ጥያቄያቸው ቀላል አልነበረም። ከ1874 እስከ 1878 ዓ.ም. ድረስ የአርሲ ሰው በፈረስ ላይ ሆኖ በጦርና በጋሻ ከሸዋ ሠራዊት ጋር ተዋጋ፤ በራስ ዳርጌ የተመራውን ያን ሠራዊት ለድል ካበቁት ነገሮች አንዱና ዋነኛው ጠመንጃ ነበረ። ከዚያም በኋላ ነፍጥ የያዘው ሰው ነፍጠኛ ተብሎ የመሬቱ ጌታ ሆነ። ይህ ሁሉ በትምህርት ቤት ሳይሆን በምድጃ ዳር የሚነገር ታሪክ ነው። በዚያ አገር ጠመንጃ እንደ ኳስ ተቆጥሮ በእጅ የሚገባ ዕቃ አይደለም።

በዚያ ላይ ሴትዮዋ ሲንቄ ያላቸው ናቸው። ሲንቄ የአርሲ ሴት ስታገባ የምትቀበለው ቀጭን በትር ነው። ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በተጣሉ ሰዎች መካከል ከገቡ ጠቡ መቆም አለበት፤ ይህን መተላለፍ ትልቅ ነውር ነው። ጠብ ማስቆም የሴቶቹ ሥራ በሆነበት ቤት የልጅ ልጃቸውን ተኩስ ላስተምር ማለት ምን ያህል እንግዳ ነገር እንደ ሆነ ያን ዕለት በደንብ ገባን። ክርክር አላነሣንም። መጥተው እንዲያዩ ብቻ ለመንናቸው፤ ቅዳሜ መጥተው ከኋላችን በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

የዚያን ዕለት መጀመሪያ የተኮሳቸው ዐሥር ፍሬዎች አንዳቸውም ጥቁሩን ክብ አልነኩም። ወጣቱ አፈረ፤ በአያቱ ፊት ሆነና ይልቁንም አፈረ። እኛ ግን ከወረቀቱ ይልቅ ፊቱን እናይ ስለ ነበር ሁለት ነገር አስተዋልን። አንደኛው፥ ቃታውን ገና ሳይስብ ዓይኑን ይጨፍናል። ድምፁን ይጠብቀዋል ማለት ነው። ጀማሪን ሁሉ የሚያሸንፈው ይህ ነው፤ ጆሮው የሚመጣውን ስላወቀ ሰውነቱ አስቀድሞ ይሸሻል። መድኃኒቱ ቃታውን መንጨቅ ሳይሆን ቀስ በቀስ እየተጫኑ፥ ተኩሱ መቼ እንደሚወጣ ራስን ሳያሳውቁ መቆየት ነው። ለዚህ ሞላው ሳይወጠር በአፈሙዙ ላይ አንድ የ10 ሳንቲም ገንዘብ አስቀምጠን፥ ሳንቲሙን ሳይጥል ቃታውን እንዲስብ አደረግነው። ሃያ ጊዜ ያህል ጣለው።

ሁለተኛው የዓይን ነገር ነው። ሰው ቀኝ እጅ እንዳለው ሁሉ የሚበረታ ዓይንም አለው። ይህን ለማወቅ ሁለቱን እጆች ዘርግቶ በመዳፎቹ መካከል ትንሽ ቀዳዳ መሥራትና በዚያች ቀዳዳ አንድ ሩቅ ባሕር ዛፍ ማየት ነው። ከዚያም ዓይኖቹን በየተራ ሲጨፍኑ፥ ዛፉን ከቀዳዳው ሳያጠፋ የሚያሳየው ዓይን የበረታው ነው። የወጣቱ እጅ ቀኝ፥ ዓይኑ ግን ግራ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ በቀኝ ትከሻው ሲያነጣጥር አንዱ ዓይን ከሌላው ጋር ይጣላ ነበር። ሰደፉን ወደ ግራ ትከሻው አዛወርነው። ግራ እጅ በእኛ አገር ለመብልም ለሰላምታም ስለማይቀርብ ልጁ ቅር ብሎት ወደ አያቱ ዞር አለ። እርሳቸው ሣቁና፥ ዓይንህ ከፈለገው ምን ታደርገዋለህ አሉት። ከዚያ ወዲያ በግራው ተኮሰ።

እስትንፋስን እንዲህ አስተማርነው፦ አየሩን ወደ ውስጥ ሳበው፤ ግማሹን አውጣ፤ በቀረው ላይ ጥቂት ቁም፤ እስከ ስድስትና ሰባት ቍጥር ድረስ ካልተኮስህ ተወው፥ ጠመንጃውን አውርድና እንደገና ጀምር። መተው የሚከብድ ነገር ነው። ጀማሪው አንድ ጊዜ ካነጣጠረ ሳይተኩስ ማውረድ ሽንፈት ይመስለዋል፤ በእኛ አስተያየት ግን ጠመንጃውን ሳይተኩስ ያወረደ ጀማሪ ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ቋንቋችን ሕልም ማለምንና ዒላማ ማለምን በአንድ ድምፅ እንድንጠራ ማድረጉ ሁልጊዜ ያስደንቀናል፤ እርግጥ ሊቃውንት ፊደላቸውን ይለዩ ይሆናል።

ከቀትር በኋላ የተተኮሱት አምስት ፍሬዎች ከጥቁሩ ክብ ወደ ታችና ወደ ግራ ወርደው፥ ነገር ግን አምስቱም በአንድ ብር ሳንቲም በሚሸፈን ቦታ ተሰብስበው ተገኙ። ወጣቱ አሁንም ስቻለሁ ብሎ አዘነ። እኛ ደስ አለን። ፍሬዎቹ ከተበታተኑ ጥፋቱ የሰውዬው ነው፤ ከተሰበሰቡ ግን ሰውዬው ሥራውን አድርጓል፥ የቀረው ማነጣጠሪያውን በጥቂቱ ማስተካከል ነው። አንዲት ፍሬ በአጋጣሚ መካከሉን ብትመታ ምንም አታስረዳም። በኦሊምፒክ የ10 ሜትር የጠመንጃ ውድድር የዒላማው መካከለኛ ነጥብ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ነውና፥ እዚያ የሚደርሰው በአጋጣሚ የሚመታ ሳይሆን ራሱን መድገም የቻለ ነው።

ኦሊምፒክን ካነሣን አይቀር፥ በአዲሱ ዘመን የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ጨዋታ በአቴና የተከፈተው በመጋቢት 1888 ዓ.ም.፥ ከዓድዋ ድል አምስት ሳምንት ያህል በኋላ ነበረ። የዒላማ ተኩስም ከዚያ ጀምሮ በውድድሩ ውስጥ ነበር። አባቶቻችን ከጦር ሜዳ በሚመለሱበት ወራት ሌሎች ሰዎች ጠመንጃን ለጨዋታ ያውሉት ነበር ማለት ነው።

ወጣቱ ግን ሌላ ጥርጥር ነበረው። «ጋሼ፥ ቆሞ የሚሠራ ነገር ስፖርት ይባላል?» አለን። ስለ አበበ ቢቂላ ነገርነው። በሮምና በቶኪዮ ማራቶን ያሸነፈው ሰው በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ከሰለሉ በኋላ፥ በ1962 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ጨዋታ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ በቀስት ዒላማ ተወዳድሯል። ወጣቱ አበበን በሩጫው እንጂ በቀስቱ አያውቀውም ነበር። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያም ሳይታዘዝ ተነሥቶ ወረቀቱን ቀየረ።

ወደ ማታ ነፋሱ ከጭላሎ በኩል ሲነሣ ጨዋታውን አቆምን። ሴትዮዋ አምስቱ ቀዳዳዎች ያሉበትን ወረቀት ጠየቁና ወደ ብርሃን አንሥተው ተመለከቱት። ይህ ብቻ ነው የሚመታው? አሉን። ይህ ብቻ ነው አልናቸው። አጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። ልጁ ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲመጣ ፈቀዱ፤ ነገር ግን ብረቱ ከቤታቸው እንዳያድር፥ ከእርሻም አልፎ ወደ ጫካ እንዳይወጣ ተናገሩ። ወጣቱ ስለ አደን አንድ ቃል ሊጀምር ብሎ ነበር፤ አያቱ ስላዩት ተወው።

ጠመንጃው አሁን በእኛ ቤት በሣጥን ተቆልፎ ይኖራል። ቁልፉ በእኛ እጅ ነው፤ የእርሳስ ፍሬዎቹን ቆርቆሮ ግን ሴትዮዋ ወስደው ከሲንቄያቸው አጠገብ አኖሩት፥ ልጁም ቅዳሜ ሲመጣ ሃያ ፍሬ ብቻ ቈጥረው ይሰጡታል።